ብናኙን ከሳንባችን፣ እጣቢውን ከወንዛችን

የተከበራችሁ የአዲሱ ገበያ የእንጨት፣ የብረታ ብረትና የቀለም ሥራ ባለሙያዎች፣ 

የዛሬው ጉዳያችን ናኖ ቁሶች ናቸው። አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 80 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ሲሆን፣ ናኖ የሚባሉት ቁሶች ግን ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ናቸው። ሻጋታና ባክቴሪያ ለመከላከል በአንዳንድ ቀለሞች ውስጥ የናኖ ብር ይጨመራል፤ ፀሐይ እንዳያበላሸው በአንዳንድ ቫርኒሽ ውስጥ ደግሞ ዚንክ ኦክሳይድ ይገባል።

ቁስ እንዲህ ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል። ክብደቱ ሳይጨምር ከአካባቢው ጋር የሚነካካው ገጽ እጅግ ይሰፋል። ጥቅሙም ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። ወደ ውስጥ ከተሳበ እስከ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል። ቀለም ውስጥ ባክቴሪያ የሚገድለው ብር ወንዝ ሲገባም መግደሉን አይተውም፤ ውሃውን የሚያጠሩ ደቂቅ ተሕዋስያንንና ዓሣን ይጎዳል።

ደርቆ ግድግዳ ላይ ያለ ቀለም አያስፈራንም። የሚያሰጋን ሲረጭ፣ ሲታሸና ሲታጠብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጀርመን ውስጥ በስሙ ናኖ የሚል ቃል ያለበት የመስታወትና የሸክላ ገጽ መሸፈኛ ስፕሬይ የተጠቀሙ በርካታ ሰዎች መተንፈስ ተቸግረው ሐኪም ዘንድ ሄደዋል። ሲመረመር ግን ናኖ ቅንጣት አልተገኘበትም፤ ስለዚህ ከጣሳው ስም ይልቅ አየር ውስጥ የምንበትነውን እንቆጣጠር። ብየዳ የምትሠሩም አትዘናጉ፦ ጭሱ እጅግ ደቃቅ ብናኝ ይዟል፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2017 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

ስለዚህ ስቱኮም ሆነ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስታሹ ገጹን አርጥቡት። ልብሳችሁን በኮምፕሬሰር አታራግፉ፤ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በደረቁ አትጥረጉ። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን-95 ብናኙን ያስቀራል፣ የቲነር ትነትን ግን አያግድም። ለእሱ የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ቡሩሽ ያጠባችሁበትን ውሃ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ከእንጦጦ የሚወርዱት ጅረቶች አቃቂ ወንዝ ይገባሉ፤ አቃቂም አባ ሳሙኤል ግድብን አልፎ አዋሽን ይቀላቀላል። በዚሁ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ተመልሶም ገበያችን ይመጣል።

ሕጉም ከጎናችን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛም የተሰጠውን እንዲጠቀም ያዛል። የኬሚካል ምዝገባና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1075/2010 እና የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥተዋል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ደግሞ ማንም ሰው የግል ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ብክለትን ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ማመልከት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ መብቱ ነው።

ከዚህ ስንወጣ ሁለት ነገር እንወስን። አንደኛ፣ «ናኖ» ወይም «ፀረ ባክቴሪያ» የሚል ምርት ስንገዛ ሻጩን የደኅንነት መረጃ ወረቀቱን እንጠይቅ፤ ብቻችንን ብንጠይቅ ሊያልፈን ይችላል፣ በማኅበር ስንጠይቅ ግን ገበያውም ይሰማል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሼድ ለእጣቢው ክዳን ያለው በርሜል ያዘጋጅ፤ አወጋገዱንም ከወረዳው አካባቢ ጥበቃ ጋር በጋራ እንነጋገርበት። ኃላፊነቱን የሚወስዱ ተወካዮችን አሁኑኑ እንምረጥ።