የነጯ ኳስ አደራ፦ ዳኛ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ስለ ሐቀኝነት



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት ርእስ ለዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የሚመጥን ላይመስል ይችላል። የፑል ጨዋታ በአገራችን ያለው ስም ብዙም የተከበረ አይደለም። የከተማ አስተዳደሮች በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚገኙ አዋኪ ንግድ ቤቶችን ሲቆጣጠሩ ፑል ቤትን ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር በአንድ ረድፍ ይቆጥሩታል። ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ የትምህርት ሰዓትና የኪስ ገንዘብ እዚያ እንደሚያልቅ ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ በሐዋሳ በፒያሳም ሆነ በአቶቴ፣ ከኮሌጅ አጥር ጀርባም ሆነ በሐይቁ ዳር፣ ጠረጴዛ በተዘረጋበት ሁሉ በየምቱ የሚነሣ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለ። ጥፋቱን ያየው አጥፊው ብቻ ሲሆን፣ አጥፊው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ጥያቄውን ለመረዳት የጨዋታውን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ተጫዋቹ ነጯን በስቲክ መትቶ ሌላውን ኳስ ወደ ቀዳዳ ይሰዳል። ነጯ ራሷ ቀዳዳ ከገባች፣ ከጠረጴዛው ከወደቀች፣ መጀመሪያ መንካት የሚገባትን ኳስ ሳትነካ ከቀረች ፋውል ነው፤ ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል። የማይታዩት ፋውሎች ግን ሌሎች ናቸው። ነጯ ከሌላ ኳስ ጋር ተጠግታ ስትቆም ስቲኩ በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ሊነካት ይችላል። ተጫዋቹ ሲያነጣጥር የስቲኩ ጫፍ ነጯን በፀጉር ውፍረት ያህል ሊያነቃንቃት ይችላል። አሻግሮ ሲዘረጋ የሸሚዙ እጅጌ አንዱን ኳስ ሊገፋ ይችላል። ወንበር ላይ የተቀመጠው ተጋጣሚ ይህን አያይም። የመታው ሰው እጅ ግን ያውቀዋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው የዓለም ፑል ቢሊያርድ ማኅበር ይህን ችግር በሚገባ ያውቃል። ዳኛ በሌለበት ውድድር የዳኝነቱን ሥራ የሚይዘው በዚያ ተራ የማይመታው ተጫዋች እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ነጯ በአንድ ጊዜ ሁለት ኳስ የነካች መስሎ የቱ ቀድሞ እንደተነካ መለየት ካልተቻለ ደግሞ ፍርዱ ለመቺው ይሰጣል። ልብ በሉ፤ ደንቡ ጥርጣሬን የሚፈታው ለመቺው በማድላት ነው። ይህ ማለት የሕጉ ልግስና በሙሉ የተመሠረተው መቺው ሐቀኛ ነው በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱ ከፈረሰ ልግስናው ራሱ የማጭበርበሪያ በር ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሦስት ነገሮችን መለየት እወዳለሁ። የመጀመሪያው ብልሃት ነው። አንድ ተጫዋች የሚያስገባው ኳስ ሲያጣ ነጯን ከሌላ ኳስ ጀርባ ደብቆ ተጋጣሚውን ያስቸግራል። ይህ ክፋት ሳይሆን የጨዋታው እውቀት ነው፤ ሁለቱም በሚያውቁት ሕግ፣ በሁለቱም ዐይን ፊት ይፈጸማል። ሁለተኛው ስሕተት ነው። ፋውል መሥራት ነውር አይደለም። ቅጣቱም ውርደት ሳይሆን ማስተካከያ ነው፤ ተጋጣሚው ነጯን አንሥቶ በሚመቸው ቦታ ያስቀምጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሦስተኛው ዝምታ ነው። ፋውሉን የሠራው ሰው ማንም እንዳላየው ዙሪያውን ቃኝቶ ወደሚቀጥለው ኳስ ሲያልፍ፣ ማታለል የሚጀምረው በዚያች ቅጽበት ነው። እጁ የሠራው ስሕተት ነበር፤ አፉ የዘጋው ግን ሌላ ሰው ሊያውቀው የሚገባ እውነት ነው።

ከዝምታው ጋር የሚዛመድ ሌላም ድርጊት አለ፤ ችሎታን መደበቅ። አንዳንዱ ተጫዋች እንግዳ ሲመጣ ሆን ብሎ ሁለት ሦስት ጨዋታ ይሸነፋል፣ መወራረጃው ከፍ ሲል ደግሞ እውነተኛ እጁን ያወጣል። ይህ ሰው የጠረጴዛውን ሕግ አንዱንም አልጣሰም። ስለ ኳሶቹ አልዋሸም፤ ስለ ራሱ ግን ዋሽቷል። ስለዚህ ሕግ አለመጣስና ሐቀኛ መሆን አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው መከራከሪያዬ ልግባ። በእግር ኳስ ኳስ በእጁ የነካ ተጫዋች ወደ ዳኛው ሄዶ ጥፋቱን ባይናገር ብዙዎቻችን አንገረምም። ታዲያ የፑል ተጫዋች ለምን ይናገር? መልሱ በጨዋታው ቅርጽ ውስጥ ይገኛል። በእግር ኳስ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተበደለው ወዲያው ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ይከላከላል፤ ዳኛም አለ። በፑል ግን አንዱ ሲጫወት ሌላው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተራው እስኪደርስ ድረስ ጠረጴዛውን በሙሉ ለባላጋራው ትቶለታል። ለዚህ ግንኙነት አማርኛችን ትክክለኛ ቃል አለው፤ አደራ ይባላል። አደራ የሚሰጠው ሰው ንብረቱን ሊጠብቅ በማይችልበት ጊዜ ነው፤ አደራ መብላትም ከተራ ስርቆት ይልቅ የሚያሳፍረው ስለዚህ ነው። ፋውሉን የደበቀ ተጫዋች የበላው አንድ ምት አይደለም፤ ተጋጣሚው በመቀመጡ የሰጠውን አደራ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ አውቃለሁ። አንደኛው፣ «እሱ የራሱን አይናገር፣ እኔ ስናገር ሞኝ መሆኔ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። በእርግጥ ብቻውን የሚናገር ሰው ጨዋታ ይሸነፍ ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱም ዝም የሚሉበት ጠረጴዛ ምን እንደሚመስል አስቡት፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ከወንበሩ ተነሥቶ በባላጋራው ትከሻ ላይ ይቆማል፣ በየምቱ ክርክር ይነሣል፣ ጨዋታው ሰዓት ይፈጃል፣ መጨረሻውም ጠብ ነው። መቀመጥ መቻል ራሱ የሐቀኝነት ትርፍ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ «ተሸናፊ ይከፍላል፤ ገንዘቡ የራት ገንዘቤ ነው» የሚል ነው። ችግሩን አልንቀውም። ይሁንና ያ ገንዘብ የሚመጣው ከሌላ ተማሪ ራት ነው። መወራረድ ባይኖር ይሻላል፤ ካለ ግን አደራውን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ሐቀኝነቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በማኅበረሰባችን ሰውን ከጥፋት የሚመልሱ ሁለት ኃይሎች አሉ፤ ይሉኝታና ኅሊና። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት ስለሆነ የሚሠራው ሰው ሲያይ ነው። የጥንቱ የአፈርሳታ ሥርዓትም የተመሠረተው በሌሎች ምስክርነት ላይ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይቆይ ነበር። የነጯ ኳስ መነካት ግን ምስክር የለውም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የዚህ እውነት ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ የሚያውቀው ሰው በዚያው ቅጽበት ካልተናገረ፣ ቢያድር ቢሰነብት አይጠራም።

በዚህ ረገድ የምንኖርበት ምድር የሚያስተምረን ነገር አለ። በሲዳማ ባህል ሀላሌ የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ትርጉሙ እውነት ነው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲመለከቱ የሚፈልጉት ማን በንግግር እንደበለጠ ሳይሆን ሀላሌው የት እንዳለ ነው። አፊኒ ደግሞ ሰማችሁ ወይ ብሎ ከመጠየቅ የሚነሣ፣ ተደማምጦ የመምከር ሥርዓት ነው። እነዚህን ሁለቱን ወደ ጠረጴዛው ብናመጣቸው ለዳኛ አልባ ጨዋታ የሚበቃ ሕግ ይሆኑናል፤ የምታውቀውን ተናገር፣ ያላወቅኸውን ደግሞ ከመወሰንህ በፊት ስማ።

የፑል ቅርብ ዘመድ በሆነው በስኑከር፣ ዳኛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ እንኳ ተጫዋቹ የራሱን ፋውል መናገሩ የቆየ ወግ ነው። ያው ስፖርት ግን ከገንዘብ ፈተና አላመለጠም። በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ጆን ሂጊንስ ጨዋታ በመሸጥ ተከስሶ ከዚያ ክስ ነጻ ሲወጣ፣ የቀረበለትን ሐሳብ ባለማሳወቁና የተስማማ መስሎ በመታየቱ ግን ለ6 ወራት ታግዶ 75,000 ፓውንድ ተቀጥቷል። በ2023 ደግሞ 10 ቻይናውያን ተጫዋቾች ከውጤት ማጭበርበር ጋር በተያያዘ ሲታገዱ ሁለቱ የዕድሜ ልክ እገዳ ደርሶባቸዋል። የሂጊንስ ጉዳይ ለዛሬው ርእሳችን በተለይ ይጠቅማል፤ ከተቀጣባቸው ነገሮች አንዱ አለመናገሩ ነበርና።

ከአገራችንም ሁላችሁም የምታስታውሱት ምሳሌ አለ። በሰኔ 2013 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን ከሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፎ ከተመለሰ በኋላ፣ በቅጣት ምክንያት መሰለፍ የማይገባው ተጫዋች ተሰልፎ እንደነበር ታወቀ። ፊፋ ምርመራ ከፈተ፤ የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። 3 ነጥብ ተወሰደብን። ሐዘኑ ብዙ ነበር፤ ቡድኑ ግን የቀረውን ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በመሪነት ጨረሰና ከናይጄሪያ ጋር ለመጨረሻው ማጣሪያ ቀረበ። ያን የምድብ መሪነት ዛሬም ያለ አንዳች ሐፍረት የምንጠቅሰው፣ የማይገባን ነጥብ ተቀንሶለት የቀረ ንጹሕ ውጤት ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ በድጋሚ ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ቁጥር ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ የትምህርት ጥራት፣ ጦርነት፣ ወረርሽኝ። መንግሥት ለማጭበርበር የሰጠው መልስ ግን ግልጽ ነበር፤ ጥበቃን ማጠናከር። አስፈላጊ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ጥበቃ የሚደርስበት ዳርቻ አለው። እናንተ ከዚህ ግቢ ወጥታችሁ የምትሠሩት ሥራ አብዛኛው ፈታኝ የሌለበት ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያልተሳካውን ልኬት የሚያየው የለካው ተመራማሪ ብቻ ነው። መጠይቁን ቤት ለቤት ዞሮ ያስሞላው ወይም ሻይ ቤት ተቀምጦ ራሱ የሞላው መረጃ ሰብሳቢ፣ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። መድኃኒቱን በሰዓቱ የሰጠች ወይም ሰጠሁ ብላ የጻፈች ነርስ፣ ሕንጻው ውስጥ ስንት ብረት እንደገባ የሚያውቅ መሐንዲስ፣ ሁሉም ባላጋራው ወንበር ላይ የተቀመጠ የፑል ተጫዋች ናቸው። ልዩነቱ፣ በነሱ ጠረጴዛ ላይ ያለው አደራ የሰው ሕይወት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ፑል የምትጫወቱ ተማሪዎች ሁሉ ሦስት ትንንሽ ነገሮችን እንድትለማመዱ እለምናችኋለሁ። ብሬክ ከመመታቱ በፊት በየትኛው ሕግ እንደምትጫወቱ ተስማሙ፤ ብዙው ጠብ የሚነሣው የየቤቱ ሕግ ስለሚለያይ ነው። አጠራጣሪ ምት ሲመጣ ከመምታታችሁ በፊት ሦስተኛ ሰው ጠርታችሁ እንዲያይላችሁ አድርጉ። ፋውል ስትሠሩም ተጋጣሚያችሁ ሳይጠይቃችሁ «ነክቻለሁ» በሉ። የማትጫወቱትም ብትሆኑ፣ ይህን ቃል በየሙያችሁ የምትናገሩበት ቀን ይመጣል። ጠረጴዛው ላይ የሚያስከፍለው አንድ ተራ ነው፤ በዚህ ዋጋ መለማመድ የሚቻልበት ሌላ ቦታ ብዙ አላውቅም።