ከበሬሳ እስከ ጀማ፦ የፋብሪካ ፍሳሽና የማይታየው ጋዝ

(በዓለም ከተማ ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)





ደብረ ብርሃን ሩቅ መስላ ትታየን ይሆናል። ነገር ግን በአጠገቧ የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማም ከእኛ በታች ያለውን ቆላ አቋርጦ ከዓባይ ይቀላቀላል። ስለዚህ በላይኛው አገር ቢራ ከሚጠመቅበትና ቆዳ ከሚለፋበት ፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ የእኛም ጉዳይ ነው።

የፍሳሽ ጉዳት በውኃው ብቻ አያበቃም። አተላ በጋን ታፍኖ ሲሰነብት አረፋ ማውጣቱን እናውቃለን። የፋብሪካ ፍሳሽም አየር በማያገኝበት ጉድጓድ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ይበረታል። በአፍሪካ ፋብሪካ በየዘመኑ ሲበዛ፣ ማጣሪያ ካልተከተለው ጋዙም አብሮ ይበዛል። ዝናብ ሲዛባ ግን ፋብሪካ የሌለው የመርሐቤቴ ገበሬም ይጎዳል።

ፋብሪካ አይተከል አንልም፤ ልጆቻችን እንጀራ ያገኙበታልና። የምንለው፦ ፍሳሹ በተከደነ ገንዳ ይብላላ፤ ጋዙ ተይዞ ለማገዶ ይዋል፤ ውኃውም ተጣርቶ ይለቀቅ። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ዓላማም ልማትን ከብክለት መለየት ነው።

ይህን ስንጠይቅ ከራሳችን እንጀምር፤ የበዓል ድግሳችንን እጣቢና አተላ ወደ ምንጭ አናፍስስ። የላይኛውን አገር የምንጠይቀውን እኛም ለታችኛው እንፈጽም።