የቲሙን ከአያቶቹ አንለይ



ስለ የቲሞች ድጋፍ በተነጋገርን ቁጥር ሐሳባችን በአብዛኛው በቀለብ፣ በልብስና በትምህርት ወጪ ላይ ያርፋል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ገንዘብ የማይፈታው ነው። አባት ሲሞት ልጁ ከእናቱ ጋር ይቀራል። ውሎ አድሮ በውርስ ወይም በእናቲቱ ዳግመኛ ጋብቻ ሳቢያ ሁለቱ ቤተሰቦች ይቀያየማሉ፤ የሟቹ ወላጆችም የልጅ ልጃቸውን እንዳያዩ በር ይዘጋባቸዋል። በዚህ ጊዜ አባቱን ያጣው ልጅ የአባቱን ወገንም ያጣል።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እናታቸው አሚና ሲሞቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የተረከቧቸው አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ናቸው፤ እርሳቸውም ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞቱ አጎታቸው አቡ ጣሊብ አሳደጓቸው።

ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት፣ ዑመር (ረ.ዐ.) ከፈቷት ሚስታቸው የተወለደውን ዓሲምን በቁባእ መስጊድ ግቢ ሲጫወት አግኝተው ሊወስዱት ሲሉ የልጁ አያት ተከራከረቻቸው። ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) ልጁን ለአያቲቱ እንዲተዉላት ፈረዱ፤ ዑመርም ሳይከራከሩ ተቀበሉ። አራቱም መዝሀቦች በሐዷና፣ ማለትም በሕፃን አያያዝ፣ ከእናት ቀጥሎ የእናትን እናት ያስቀድማሉ።

ወደ ሀገራችን ሕግ ስንመጣ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀዳሚነት እንዲታሰብ ያዛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ደግሞ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሞግዚትነቱን በሕይወት ላለው ወላጅ ይሰጣል። ሁለቱም ከሌሉና በኑዛዜ የተሾመ ሞግዚት ከሌለ ተራው በቅድሚያ የአያቶች ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። እናት በሕይወት ካለች አያት የሚጠይቀው ልጁን ማየትን እንጂ ሞግዚትነትን አይደለም። ብዙ እናቶች በር የሚዘጉት ልጃቸውን የሚነጥቋቸው መስሏቸው ነው። አያቶች ይህን ስጋት አስቀድመው በግልጽ ቃል ቢያስወግዱ ግማሹ ጠብ ይበርዳል።

አለመግባባት ሲነሣ መጀመሪያ ሽማግሌዎች ይግቡበት። ስምምነቱም በጽሑፍ ይስፈር፦ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ በማን ቤት፣ ልጁን ማን ያመጣዋል፣ ማን ይመልሰዋል። በዚህ ካልተቻለ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተደራጁት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ጉዳይን ማየት ይችላሉ፤ ሥልጣናቸው ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ያልተስማማ ወገን ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ዳኛው በየትኛውም ቦታ ቢቀመጥ የሚመዝነው የልጁን ጥቅም ነውና፣ ልጁን የሚጎዳ አያት ዝምድናው ብቻውን በር አያስከፍትለትም።

ለልጁ የሚሰጠው የድጋፍ ገንዘብ የመደራደሪያ መሣሪያ አይሁን። እናትም አያትም በልጁ ፊት አንዱ ሌላውን አያንቋሽሽ። ዝምድናን መቀጠል፣ ሲለቱ ረሒም፣ በሁላችንም ላይ ያለ ግዴታ ነው፤ የቲሙም የአባቱን የልጅነት ታሪክ ከአያቶቹ አፍ የመስማት ሐቅ አለው።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።