የትንሽ አገር ድምፅና የጎረቤት ነፃነት



ሠራዊቷ ኢምንት፣ በጀቷም ከውጭ እርዳታ ያልተላቀቀ አገር ለጎረቤቷ ነፃነት ምን ልታደርግ ትችላለች? የቫኑዋቱ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ይህች የፓሲፊክ ደሴታዊት አገር እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ጣምራ አገዛዝ ሥር ቆይታ በ1980 ነፃ ወጣች። የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትሯ ቄስ ዋልተር ሊኒ፣ ጎረቤት ኒው ካሌዶንያ በፈረንሳይ እጅ እስካለች ድረስ የአገራቸው ነፃነት ምሉዕ እንደማይሆን ያምኑ ነበር።

ቫኑዋቱ ብቻዋን ብትጮኽ ሰሚ ባላገኘች ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ከደቡብ ፓሲፊክ አገሮች ጋር ተባበረች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔም በ1986 በ89 የድጋፍና በ24 የተቃውሞ ድምፅ ኒው ካሌዶንያን ራሳቸውን በራሳቸው ከማያስተዳድሩ ግዛቶች መዝገብ መልሶ አሰፈራት።

ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ በ1987 የፈረንሳይን አምባሳደር ስታባርር የፓሪስ እርዳታ ተቀነሰባት። ሆኖም በ1989 የካናኮች የነፃነት ግንባር የሜላኔዥያ መንግሥታት ቡድን አባል ሆኖ፣ አገር ሳይኖረው ከመንግሥታት ጎን ተቀመጠ።

ካናኮች በገዛ ምድራቸው ከሕዝቡ እኩሌታ በታች ናቸው። በ2018፣ በ2020ና በ2021 በተካሄዱት ሕዝበ ውሳኔዎች ነፃነት አላሸነፈም፤ በመጨረሻው ላይ አብዛኞቹ የነፃነት ደጋፊዎች አልተሳተፉም። እንግዲህ ጎረቤት በሩን ያስከፍታል፤ ደፉን መሻገር ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።