ሞተሩ ሲቆም መጀመሪያ ምን እንጠይቅ?

በሐይቅ ከተማ ለተሁለደሬና ለአምባሰል የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች በተዘጋጀ የሞተር ፓምፕ አያያዝ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



 እኔ የተማርሁት ነገረ መለኮት እንጂ መካኒክነት አይደለም። ስለ ናፍጣ ሞተር በፊታችሁ እንድቆም ያደረገኝም የሠራሁት ስሕተት ነውና ከዚያው እጀምራለሁ።

ከሐይቁ ዳር ውኃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ ማኅበር አለ። አባላቱ ክርስቲያንም ሙስሊምም በመሆናቸው፣ ዓርብ አንዱ፣ እሑድ ሌላው ሞተሩን እየያዘ ተስማምተው ይሠራሉ። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ በእጅ ተዙሮ ይነሣል፤ ናፍጣው ከላይ ካለው ታንክ በራሱ ክብደት እየወረደ ይመግበዋል። በጥር ወር፣ ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር በጀመረበት ሰሞን፣ ሞተሩ አመል አወጣ። በደኅና ይነሣል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ከዚያ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ቀጥ ይላል። ጥቂት ካረፈ በኋላ እንደ ገና ይነሣል፤ መልሶም ይቆማል።

ዐርፎ የሚነሣ ሞተር ስናይ ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ሞቆት ነው» አልን። ውኃ ጨመርንለት፤ የቅጠል ዳስ ጣልንለት፤ አልተሻለውም። የናፍጣው ፊልትሮ ተቀየረ፤ ያን ዕለትም ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ቆመ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ መጥቶ «ፖምፓው ደክሟል» አለና ሞተሩ ተጭኖ ወደ ከተማ ሄደ። በጋራዡ ውስጥ ናፍጣ ከጀሪካን በቱቦ እየወረደለት ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ሠራ። ፖምፓው ታደሰ፤ ዋጋው ከማኅበሩ መጠባበቂያ ተከፈለ። በክፍያ ማዘዣው ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ሞተሩ ማሳው ላይ ተመልሶ ተተከለ፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ቆመ።

የሽንኩርት ሥር ጥልቅ አይደለም፤ ራስ በሚቋጥርበት ጊዜ ውኃ ሲያጣ ታግሦ አይጠብቅም። እኛ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ አስጠበቅነው። የዚያ ዓመት ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርት ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ተነቀለ፤ ገበያ ላይም የተገኘው ገንዘብ የዘሩን ዕዳ አልከፈለም።

ነገሩን የፈቱት ለሞተሩ ናፍጣ የሚቀዱ አንዲት እናት ናቸው። «ዲያቆን፣ ይህን ላስቲክ ስፈታው እኮ ፉት ብሎ አየር ይስባል። ለልጆቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ» አሉኝ። የምን ላስቲክ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ለካ ሌባ በመፍራት ሞተሩ በየማታው በሸክም ወደ መንደር ሲመለስ የታንኩ ክዳን መንገድ ላይ ወድቆ ጠፍቷል፤ ልጆቹም አቧራ እንዳይገባ ብለው አፉን በፌስታል ሸፍነው በጎማ ጠፍረውታል።

የታንክ ክዳን ትንሽ ቀዳዳ ያለው በከንቱ አይደለም። ናፍጣ በወረደ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። አየር ካልገባ በታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ናፍጣውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ሞተሩም ታንኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ይራባል። አፉ የተደፈነ ቅል ውኃ እንደማያንቆረቁር ማለት ነው። ሞተሩ ሲቆም በላስቲኩ ጠርዝ አየር ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባል፤ ናፍጣውም እንደ ገና ይወርዳል። እኛ «ዐርፎ በረደለት» ያልነው ይህንን ነበር።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ እያንዳንዱ ጥገና የሠራ መምሰሉ ነው። ፊልትሮ የቀየረውም፣ ቱቦውን ያራገፈውም ሰው ናፍጣ መኖሩን ለማየት መጀመሪያ አፉን ይከፍታል፤ በከፈተ ጊዜም አየር ይገባል፤ ሞተሩ ይነሣል፤ ሠሪው ይመሰገናል። ጋራዡ ውስጥማ ታንኩ ጨርሶ ሥራ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ኪያቤ ከማንሣታችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። የመጀመሪያው «ችግሩ ከመጀመሩ በፊት የመጨረሻው ለውጥ ምን ነበር?» የሚል ነው። ክዳን ጠፍቷል? ናፍጣ ከሌላ በርሜል ተቀድቷል? ሞተሩ ከቦታው ተነሥቷል? ኦፕሬተሩ ሁለትና ሦስት ሰው ሲሆን ይህን አንድ ሰው ብቻውን አያውቀውም፤ ስለዚህ ዛሬ ለእያንዳንዱ ማኅበር አንድ ደብተር እንሰጣለን። ሞተሩ የተነሣበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ የተቀዳው ናፍጣ፣ የታየው ነገር ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል ይናገር፤ ልጁ ይጻፍለት።

ሁለተኛው ጥያቄ «እንዴት ቆመ?» የሚል ነው። እየተንተባተበና እየሰለለ ከቆመ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከናፍጣው መንገድ ነው፦ ከክዳኑ፣ ከታንኩ ወለል ዝቃጭ፣ ከፊልትሮው፣ ወይም በላላ ማያያዣ ከሚገባ አየር። በድንገት ግው ብሎ ከቆመና በእጅም አልዞር ካለ ግን ደጋግማችሁ አትታገሉት፤ ዘይቱን እዩ፣ ባለሙያ ጥሩ። ሞተሩ እየተዞረ አልነሣ ሲል ጭስ ማውጫውን ተመልከቱ። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ሲሊንደሩ ደርሷል፤ አልነደደም እንጂ። ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰምና ፍለጋው ከታንኩ ይጀምር።

በናፍጣው መንገድ አየር ከገባ፣ በፊልትሮው ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ጥቂት አላልቷት። አረፋ የቀላቀለ ናፍጣ ይወጣል፤ አረፋው ጠፍቶ ጥሩ ናፍጣ ሲፈስ አጥብቁ፤ ቀጥሎ የፖምፓውን እንዲሁ አድርጉ። ቅደም ተከተሉ ከታንኩ ወደ ሞተሩ እንጂ ከሞተሩ ወደ ታንኩ አይደለም። በየማታው የምትሸከሙት ሞተር ደግሞ ዝቃጩ ይታወካል፤ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ጥቂት አሳርፉት። ናፍጣው ውኃ እንዳለበት ከጠረጠራችሁ በብርጭቆ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ውኃው ከሥር ይረጋል።

ሞተሩ እየሠራ ውኃው ካነሰ ግን ሞተሩን አትንኩ፤ ጥፋቱ በመምጠጫው ቱቦ በኩል ነው። ፓምፕ ከቱቦው አየር ያወጣል እንጂ ውኃውን ራሱ አይጎትተውም፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በሐይቁ ላይ የተጫነው አየር ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ያነሣል፤ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋው በእኛ ከፍታ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር ከ5 እስከ 6 ሜትር ማለፍ አያዋጣም። በበጋ ውኃው ሲሸሽ ፓምፑም ይከተለው። በአምባሰል በኩል ከወንዝ የምትስቡ ደግሞ የቱቦው ጫፍ ወንፊት በቅጠልና በደለል እንዳይታፈን በየዕለቱ እዩት። አየሩ የሳሳ በመሆኑም ሞተሩ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሁሉ እዚህ አይሰጥም፤ ጥቁር ጭስ እያወጣ ከሆነ ጭነቱን ቀንሱለት፣ የአየር ማጣሪያውንም አጽዱ።

የሞተሩ መመሪያ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ መምጣቱን አውቃለሁ። አምባሰሎች በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ ጀምሮ ሁለት ቋንቋ የሚያመጣውን ጣጣ ታውቁታላችሁና፣ ዋና ዋናውን በአማርኛ አባዝተንላችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቃችን ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በገጽ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። በዳሩ የፈሰሰ ዘይትና ናፍጣ ጠርጎ የሚወስድለት ወራጅ ውኃ አያገኝም። የተቃጠለ ዘይት የሚጠራቀምበት ጀሪካን በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ዛሬ ከምንቀይረው እንጀምራለን።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ። ሞተሩ ከዛፉ ሥር ቆሟል፤ ሆን ብለን ሦስት ቦታ አበላሽተነዋል። ለአንድ ቡድን አራት ሰው፤ ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ኪያቤ የሚይዝ የለም።