ጊፋታ፦ የወላይታ ዘመን መለወጫ

አንደኛ አቅራቢ፦ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሁድ ይውላል። ዕለቱን የሚለዩት የጨረቃን ዑደት የሚከታተሉ ሽማግሌዎች ናቸው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ዝግጅቱ ግን ከወራት በፊት ይጀመራል። ወንዶች ተሰባስበው ለእርድ በሬ መግዣ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶችም በማኅበር ቅቤ ያስቀምጣሉ። አቅም ያነሰው ቤት ከጎረቤቱ እኩል በዓሉን የሚውለው በዚህ ቁጠባ ነው፤ ትልቅ ብልሃት ነው።

አንደኛ አቅራቢ፦ ከእንሰት ለሚሠራው የበዓሉ ምግብ ለሙቹዋም ቅቤው የግድ ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ከበዓሉ አስቀድሞ ዕዳ ይከፈላል፣ የተጣላም ይታረቃል። ከድግሱ ሁሉ የሚልቀው ይህ እርቅ ነው፤ ቂም ይዞ ዓመት መሻገር ነውር ነውና።

አንደኛ አቅራቢ፦ የወላይታዋ ከተማ ሶዶም ከየአገሩ የሚመለሱ ተወላጆቿን ትቀበላለች። የበዓሉ ጭፈራ ከዕለቱ በኋላም ይቀጥላል፤ በዓሉ የሚሸኘውም ችቦ ተለኩሶ ነው።