የሳሞስ መሿለኪያና የግሪኮች የልክ ትምህርት



ስለ ጥንታውያን ግሪኮች ባህልና አስተሳሰብ እንድናገር ስጠየቅ፣ ነገሩ የፈላስፋና የታሪክ ሊቅ ድርሻ ስለ መሰለኝ ጥቂት አመነታሁ። ይሁን እንጂ ግሪኮች ስለ ሰውና ስለ አማልክት ያሰቡትን ከመጻሕፍቶቻቸው ብቻ ሳይሆን ከእጅ ሥራቸውም ማንበብ ይቻላልና፣ እኔ በሙያችን በኩል ባለው በር እገባለሁ። በሩም በኤጌ ባሕር ውስጥ በምትገኘው በሳሞስ ደሴት ያለ አንድ መሿለኪያ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ለሳሞስ ከተማ ውኃ ማምጣት አስፈለገ። ምንጩ ግን ከተራራው ማዶ ነበረ። ኤውጳሊኖስ የተባለ የሜጋራ ተወላጅ መሐንዲስ፣ ተራራውን ከሰሜንና ከደቡብ በአንድ ጊዜ አስቆፍሮ 1,036 ሜትር ርዝመት ያለው መሿለኪያ ሠራ። ቁመቱም ወርዱም ወደ 1.80 ሜትር ይጠጋል፤ የተፈለፈለውም በመዶሻና በመሮ ነው። ውኃው የሚወርድበት ቦይ በወለሉ ጎን ጠልቆ ተቆፍሮ የሸክላ ቱቦ ተዘረጋበት። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ይህን ሥራ፣ ከወደቡ ግድብና ከታላቁ ቤተ መቅደስ ጋራ፣ በግሪኮች ምድር ከተሠሩት ከሁሉ የላቁ ሦስት ሥራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል፤ የመሐንዲሱንም ስም ከነአባቱ ጽፎ አቆይቶልናል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ርዝመቱ አይደለም። ሁለት ቡድኖች በጨለማ ውስጥ ወደ አንድ ነጥብ ሲያመሩ፣ አንዱ ጥቂት ወደ ግራ፣ ሌላው ጥቂት ወደ ቀኝ ቢያዘነብል፣ ሳይገናኙ ጎን ለጎን ተላልፈው ይቀራሉ። በዘመናችን የተደረገው ቅየሳ እንደሚያሳየው፣ በሰሜን በኩል ድንጋዩ ደካማ ስለ ነበረ መሐንዲሱ ከቀጥታው መስመር ወጥቶ፣ ዞሮ ለመመለስ ተገዷል። በመገናኛው አቅራቢያም ሁለቱ መስመሮች ቀጥ ብለው አይሄዱም፤ አንዱ የሌላውን መንገድ የግድ እንዲያቋርጥ ሆነው ታጥፈዋል። ከዚህም በላይ በሰሜኑ ወገን ጣሪያው ከፍ፣ በደቡቡ ወገን ደግሞ ወለሉ ዝቅ እንዲል ተደርጓል። ይኸውም የከፍታ ስሕተት ቢኖር እንኳ ሁለቱ እንዳይተላለፉ ነው። በኋላ ሲለካ የከፍታው ስሕተት ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ጥንቃቄው ባይደረግም ይገናኙ ነበር ማለት ነው። ኤውጳሊኖስ ግን ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም ነበርና፣ ሊሳሳት እንደሚችል አምኖ ለስሕተቱ ስፍራ አበጀለት።

ይህ አሳብ ከግሪኮች ሃይማኖት ጋራ የተዛመደ ይመስለኛል። ግሪኮች አንድ ቅዱስ መጽሐፍም ሆነ የተደነገገ ጸሎተ ሃይማኖት አልነበራቸውም፤ አምልኳቸው በመሥዋዕት፣ በበዓልና በንግርት የቆመ ነበረ። ነገር ግን አማልክትን «የማይሞቱ»፣ ሰዎችን «ሟቾች» ብለው ሲጠሩ፣ በሁለቱ መካከል የማይታለፍ ወሰን ማኖራቸው ነበር። በዴልፊ በነበረው በአፖሎን ቤተ መቅደስ ከተቀረጹት ምክሮች አንዱ ራስን ማወቅን፣ ሌላው ከመጠን አለማለፍን ያዝዝ ነበር። በእኛ ቋንቋ «ልክህን ዕወቅ» የሚባለው ለዘለፋ ነው፤ በዴልፊ ግን ምክሩ ወደ መቅደሱ ለሚገባ ሁሉ ነበረ። ግንበኛው ውኃ ልክ የሚይዘው እጁን ስለ ናቀ እንዳይደለ፣ ግሪኩም ልኩን ሲያውቅ ራሱን መናቁ አልነበረም።

ልኩን ያላወቀ ሰው ምሳሌም ከዚያችው ደሴት ይገኛል። የሳሞስ ገዥ ፖሊክራተስ በሁሉ ነገር ስለ ቀናው፣ ወዳጁ የግብፅ ንጉሥ አማሲስ፣ ይህ ሁሉ መልካም ዕድል ያስፈራልና የምትወደውን ነገር ጣል ብሎ መከረው ይላል ሄሮዶቱስ። ፖሊክራተስም የማኅተም ቀለበቱን ባሕር ውስጥ ጣለ፤ ቀለበቱ ግን በዓሣ ሆድ ተገኝቶ ተመለሰለት። በመጨረሻም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ522 ገደማ፣ በወርቅ ተስፋ ተታልሎ ወደ አንድ የፋርስ አገረ ገዥ ሄደና በዚያ ተገደለ።

ሆኖም ግሪኮችን ከመጠን በላይ ማወደስ ራሱ ልክን ማለፍ ይሆናል። ይኸው ሄሮዶቱስ፣ በሳሞስ ቅጥር ዙሪያ ያለውን ጉድጓድ የቆፈሩት በሰንሰለት የታሰሩ የሌስቦስ ምርኮኞች እንደ ነበሩ ይነግረናል። የመሐንዲሱ ስም ሲጻፍ የቆፋሪዎቹ አልተጻፈም። ስለ ልክ ያን ያህል ያስተማረ ሕዝብ፣ ሰው በሰው ላይ ላለው ሥልጣን ልክ ማበጀት አልሆነለትም።

ከዚያ በኋላ ሶቅራጥስ ይህንኑ የዴልፊ ምክር ወደ ዕውቀት አዞረው። በአፍላጦን ጽሑፍ እንደምናነበው፣ ከሌሎቹ የሚበልጥበት ነገር ቢኖር፣ የማያውቀውን አውቃለሁ አለማለቱ ብቻ እንደሆነ ለዳኞቹ ተናገረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ሞት ተፈረደበት።

እኔ ይህን ትምህርት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ የድጋፍ ግንብ መሠረት ሠርቼ ነበር። ቁፋሮው ሲጀመር አንድ አረጋዊ ፎርማን ቀረብ ብለው፣ «ኢንጂነር፣ በወረቀትዎ ላይ ያለው አፈር ይኸ ነው?» አሉኝ። አልነበረም። ንድፉን ብለውጥ አላዋቂ የምባል መስሎኝ «ይቀጥል» አልኩ። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ግንቡ ተሰነጠቀ፤ ፈርሶም እንደገና ተሠራ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ይህ ግን የእኔ ጥንቃቄ ውጤት አልነበረም። ፎርማኑ አንድም ቀን አላነሡብኝም፤ እኔ ግን ዛሬም አስበዋለሁ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ የሳሞስ መሿለኪያ እ.ኤ.አ. በ1992 ከፓይታጎሪዮንና ከሄራ መቅደስ ጋራ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ገብቶ ለሚያየው ሰው፣ በመካከሉ ያለው መታጠፊያ የመሐንዲሱ ጉድለት ሊመስለው ይችላል። እኛ ግን እንዲያ ልናየው አይገባም። በንድፋችን ላይ እርማት መጻፍ ሲያሳፍረን ያንን መታጠፊያ እናስታውስ፤ ሁለቱ ወገኖች የተገናኙት በእርሱ ነውና።